መድኃኒት የሌለበት መርፌ

ባለቤቴ ወንበሩን ያመጣው በደግነት ነው። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ ከዚህ በኋላ ስለዚያ ወንበር የምናገረው ሁሉ ደግ አይደለምና። ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ነው፤ በየሻይ ቤቱ በረንዳ የሚደረደረው ዓይነት። ከሱቁ ተሸክሞት መጣና መስገጃዬ ላይ አስቀምጦ፣ "በቃ፣ ተቀምጠሽ ስገጂ፤ አላህ ያውቅልሻል" አለኝ።

አላህ እንደሚያውቅልኝ መች አጣሁት? የሰፈራችን ሼኽም "የታመመ ሰው እንደቻለ ይሰግዳል፣ ምንዳው አይጎድልበትም" ብለውኛል። እኔ ግን በዚያ ወንበር ላይ በቀን አምስት ጊዜ በተቀመጥኩ ቁጥር ቢሮ ሄጄ ወረፋ የምጠብቅ እንጂ ጌታዬ ፊት የቀረብኩ አይመስለኝም ነበር። ከሶላት ሁሉ የምወደው ሱጁድን ነው፤ ግንባሬን መሬት ላይ የምደፋበትን። ከእናቴ ጎን ተንበርክኬ የተማርኩት በሰባት ዓመቴ ነው፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ልቤ የሚያርፈው ግንባሬ መሬት ሲነካ ብቻ ነው። ወንበር ላይ ሆኜ ወደ ፊት ጎንበስ ስል ልቤም እንደ እኔው ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ሁለት ዓመት እንዲህ ሰገድኩ። ሰው "ምን ይሁንልሽ?" ቢለኝ፣ ቤት ወይም ወርቅ አልልም ነበር። ግንባሬን እንደገና መሬት ላስነካ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር።

ነገሩ የጀመረው በውሃ ነው። እኛ ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ ውሃ የሚመጣበት ቀን እንደ ሠርግ ቀን ነው፤ በርሜል ይታጠባል፣ ጀሪካን ይሰለፋል፣ ሰው ይጯጯሃል። ያን ቀን ባለ ሃያ ሊትሩን ጀሪካን ሞላሁና የሚያግዘኝ እስኪመጣ ልጠብቅ ሳልል ብድግ አደረግኩት። ሠላሳ ዓመት አማርኛ ሳስተምር ልጆቹን "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" እያልኩ ነው ያሳደግኳቸው፤ ራሴ ግን ከተረቱ ምንም አልተማርኩም። ወገቤ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። ጀሪካኑን እንኳ አልጣልኩትም፤ ውሃ ይደፋላ! ቀስ አድርጌ አስቀመጥኩትና ከዚያ በኋላ ነው የጮህኩት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሕመሙ ከወገቤ ተነሥቶ በግራ ዳሌዬ አልፎ እስከ ተረከዜ ይወርዳል። ሆስፒታል ሄጄ ወገቤን በኤምአርአይ አነሡልኝና "ዲስክሽ ተንሸራቷል፤ ለኦፕሬሽን የሚያበቃ ግን አይደለም፤ ማስታገሻ ዋጪ፣ ከባድ አታንሺ" አሉኝ። ማስታገሻው ወገቤን ትቶ ጨጓራዬን ያዘው። ለታመመ ሰው ደግሞ አገር ሁሉ ሐኪም ነው። አንዱ ሲመጣ "ብርድ ነው የመታሽ" ይለኛል። በድሬዳዋ ሙቀት፣ ሰው አልጋውን ግቢ አውጥቶ በሚተኛበት ከተማ፣ ብርድ መታሽ! ሒጃማ፣ ያው ዋግምቱን፣ ተደርጌያለሁ፤ ለሳምንት ቀለል አለኝና ተመለሰብኝ። አንዷ ከጀልዴሳ የመጣ የግመል ሞራ ሰጥታኝ እሱንም ታሽቻለሁ፤ ባለቤቴ ሦስት ቀን በሩቁ ነው ያናገረኝ።

ወደ መርፌው የገፋችኝ፣ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴ ናት። ባሏ የባቡር ጡረተኛ ነው። እሷ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ፣ እኔ መስጊድ ሳሚ፤ ነገር ግን ጨውና ሐሜት ሳንበዳደር ያደርንበት ቀን የለም። ጉልበቷን ታማ ዓመት ሙሉ ስትጎተት የኖረች ሴት፣ አንድ ቀን ደረጃውን እንደ ኮረዳ ወጥታ ከፊቴ ቆመች።

"አንቺ ሴትዮ፣ እስከ መቼ ነው እንዲህ ጎብጠሽ የምትኖሪው?" አለችኝ። "እኔ ምን እንደሆንኩ አላየሽም? ከዚራ ሰፈር የቻይና መርፌ የምትወጋ ልጅ አለች። ነገ ይዤሽ እሄዳለሁ፤ እምቢ ብትዪ ጎትቼ ነው።"

መርፌ ስትለኝ ደስ አለኝ። እኛ ዘንድ እኮ ክኒን ሰጥቶ የሚሸኝ ሐኪም ሐኪም አይባልም፤ መርፌ የወጋ ነው ሐኪም። ከቻይና ድረስ የመጣ መርፌ ከሆነማ ምን ዓይነት ብርቱ መድኃኒት ቢኖርበት ነው ብዬ ሌሊቱን በተስፋ አደርኩ። በማግሥቱ በባጃጅ የደቻቱን ድልድይ ተሻግረን ሄድን። ባጃጁ በዘለለ ቁጥር ሹፌሩን ስረግመው "ኧረ አቦ ማዘር፣ መንገዱን እኔ አልሠራሁት!" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ግን የሚረገም ሌላ ሰው አጠገቤ አልነበረም።

ክሊኒኩ ስንገባ ነጭ ጋውን የለበሰች ወጣት ቀና ብላ አየችኝና ጮኸች፦ "ቲቸር!"

አወቅኳት። አምስተኛ ክፍል ያስተማርኳት ልጅ ናት፤ ጽሕፈቷ ዶሮ የጫረው ይመስል ስለነበር "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" የሚለውን ሃምሳ ጊዜ ያስጻፍኳት። ፊዚዮቴራፒ ተምራ፣ ከዚያ ቻይና ሄዳ አኩፓንክቸር አጥንታ ተመልሳለች። ያ ረቢ፣ የቀጣኋትን ልጅ መርፌ አስይዘህ አመጣህብኝ አልኩ በልቤ።

ካርድ አወጣችልኝና እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፦ "ቲቸር፣ ምን ማድረግ እንድትችዪ ነው የምትፈልጊው?" አንቺ ስትለኝ ሌላ አገር ያለ ሰው ይደነግጥ ይሆናል፤ ድሬ ላይ ግን አንቱታ አይበረክትም። እኔን ያስደነገጠኝ ጥያቄው ነው። እስከዚያን ቀን ያየኝ ሐኪም ሁሉ የት እንደሚያመኝ ነው የጠየቀኝ። ምን እንደምፈልግ የጠየቀኝ አልነበረም። ልመልስ ስል እንባዬ ቀደመኝ፤ በተማሪዬ ፊት፣ በጎረቤቴ ፊት። "ሱጁድ" አልኳት። "ግንባሬን መሬት ማስነካት ነው የምፈልገው።"

አልሳቀችም። ካርዱ ላይ "ግንባር መሬት ይንካ" ብላ ጻፈች። ጽሕፈቷ ያው ዶሮ የጫረው ነው።

"እውነቱን ልንገርሽ" አለችኝ። "ዲስኩን ወደ ቦታው አልመልስልሽም። ሙሉ በሙሉ ትድኛለሽ ብዬም አልዋሽሽም። ለብዙ ሰው ሕመሙን ያቀልለታል፤ ለአንዳንዱ ደግሞ ምንም አያደርግም። ከቀለለሽ የማሳይሽን እንቅስቃሴ በየቀኑ ትሠሪያለሽ። ካልሠራሽ መርፌው ብቻውን ሩቅ አይወስድሽም።"

እሺ ብዬ በሆዴ ተኛሁ። ዞር ብዬ ሳይ በጣቶቿ የያዘችው ነገር ከፀጉር ትንሽ የሚወፍር ሽቦ ነው።

"ስሪንጁ የታለ?" አልኩ።

"ስሪንጅ የለውም ቲቸር።"

"ታዲያ መድኃኒቱ በምን ሊገባ ነው?"

"መድኃኒትም የለውም። መርፌው ብቻ ነው።"

ብልጭ አለብኝ። "ባዶ መርፌ ልትወጊኝ ነው? ለባዶ መርፌ ነው ደቻቱን ያሻገራችሁኝ?" ብዬ ልነሣ ስል ወገቤ ራሱ ይዞ አስቀረኝ። ጎረቤቴ ጥግ ላይ ተቀምጣ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። "ተኚ አንቺ! እኔም እንደዚሁ ብዬ ነበር" አለችኝ። ተማሪዬ ደግሞ ትከሻዬን በእጇ ጫን አድርጋ "ተንፍሺ አቦ ቲቸር፣ ተንፍሺ" ትለኛለች። ተነፈስኩ። ምን ላድርግ?

አብዛኛው ሲገባ አልተሰማኝም። ዳሌዬ ላይ የገባው ግን ከውስጥ የሆነ ክብደት ቀሰቀሰ፤ እግር ሲደነዝዝ የሚሰማ ዓይነት። አሥራ አንድ መርፌ ተሰክቶብኝ ሳለ፣ ልቆጣ እየተዘጋጀሁ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ። በኋላ ለጎረቤቴ ጉልበት አሥራ አራት እንደሚሰካ ስሰማ "ለኔ ለምን አነሰ?" ብዬ ሞገትኩ። "ቲቸር፣ ማርክ አይደለም እኮ!" አለችኝ ልጅቷ።

በመጀመሪያው ቀን ምንም ለውጥ አላየሁም፤ ለባለቤቴም "በባዶ መርፌ ተወግቼ መጣሁ" ብዬ ነገርኩት። በሁለተኛውም ያው ነው። ከሦስተኛው በኋላ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሳልገላበጥ አደርኩ። በአራተኛው ሳምንት አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ የእግሬን ጥፍር ራሴ ቆረጥኩ። ጥፍር መቁረጥ ምን ያስደስታል የሚል ሰው ሁለት ዓመት በሌላ ሰው እጅ ሲቆረጥለት ይኑርና ያውራኝ። ቁራጮቹን ሰብስቤ ለባለቤቴ አሳየሁት። ማሻአላህ አለ፤ ምን ይበል?

ከዚያ ልጅቷ የሱጁዱን ነገር ጀመረች። "ቤት ውስጥ ብርድ ልብስ አለሽ?" አለችኝ። ድሬዳዋ ውስጥ ብርድ ልብስ ለሠርግ የሚሰጥ፣ ሳጥን ውስጥ የሚያረጅ ዕቃ ነው፤ ስድስት ነበረኝ። አጣጥፌ ከመስገጃዬ ራስጌ እንድከምራቸው ነገረችኝ። ተንበርክኬ፣ እጄን አስቀድሜ፣ እየተነፈስኩ፣ ግንባሬን ክምሩ ላይ ማሳረፍ ነው። ሁለት ቀን ሳያመኝ ከሠራሁ አንዱን ብርድ ልብስ አወጣለሁ፤ ካመመኝ መልሼ እጨምራለሁ። በሳምንት ሁለቴ መርፌ፣ በየቀኑ እንቅስቃሴ፣ ብርድ ልብሱ ይወርዳል። ስድስቱ አምስት ሆነ፣ አምስቱ አራት። ረመዳን ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ሁለት ብቻ ቀረ። በደስታ ጣራ ልነካ ደረስኩ።

ከዚያ ጾሙ ገባና እኔ መሄዴን ተውኩ።

ማንም አላለኝም። እኔው ነኝ ከራሴ ጋር ተማክሬ የወሰንኩት፤ መርፌ ጾም ያበላሻል ብዬ። ልጅነቴን ሙሉ "በረመዳን መርፌ አይወጉም" ሲባል ሰምቻለሁ፤ በቃ መርፌ መርፌ ነው። መጠየቅ ደግሞ አልወድም። ሠላሳ ዓመት መልሱን የማውቀውን ጥያቄ ስጠይቅ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ መልሱን የማላውቀውን መጠየቅ አይሆንልኝም። እንቅስቃሴውንም ያስጠማል ብዬ ተውኩት። ልጅቷ ስትደውል ዓይኔን በጨው አጥቤ "እንግዳ በዝቶብኝ ነው" አልኳት። በረመዳን ማን ቀን ለቀን እንግዳ ሆኖ ይመጣል? እሷም አላመነችኝ ይሆናል፤ ግን ቲቸር ነኝና አልሞገተችኝም።

ሳምንት አልሞላም፣ ያ ወርዶ የነበረ ሕመም መጣ። ሁለቱ ብርድ ልብስ አራት ሆነ፣ አራቱ ስድስት፣ ከዚያም ወንበሩ። በተከበረው ወር፣ ሰው ሁሉ ግንባሩን በሚደፋበት ወር፣ እኔ ተመልሼ ፕላስቲክ ላይ። አንድ ቀን የኢፍጣሩን ሾርባ ከምድጃ ላነሣ ስል እግሬ ከዳኝና ድስቱ ተደፋ። ወለሉ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ባለቤቴ ደንግጦ ገባ።

"ለምንድነው መርፌውን የተውሽው?" አለኝ።

"ጾም ነው እኮ! መርፌ ጾም ያበላሻል።"

"ማን አለሽ?"

የተደፋውን ድስት አቀናሁ። እሱም ሾርባውን ጠረገና ለከሰዓቱ የዐስር ሶላት ወደ መስጊድ ወጣ። ሲመለስ ፊቱ ላይ ሊደብቀው የሚታገለው ሳቅ ነበር።

"ሼኹን ጠየቅኳቸው" አለኝ። "'መርፌው ውስጥ ምን አለ?' አሉኝ። 'ምንም፣ ባዶ ነው' አልኩ። 'ምግብ የለው፣ መድኃኒት የለው፣ ሆድ አይገባ፤ ታዲያ ምኑ ነው ጾሟን የሚያበላሸው?' አሉኝ። ቀጥለው 'ለመሆኑ ማንን ጠይቃ ነው የተወችው?' ሲሉኝ 'ራሷን' አልኳቸው። 'እንግዲያው ሰላም በልልኝ' አሉ፤ 'እሷ ፈትዋ መስጠት ከጀመረች እኔ ጡረታ ልውጣ።'"

ሳልወድ ሳቅኩ፤ ሳቄ መሐል ደግሞ መልሼ አለቀስኩ። ያን ቀን ክሊኒኩ ውስጥ ባዶ ነው ብዬ አገር ያመስኩበት መርፌ፣ ለካ ባዶነቱ ነበር የሚበጀኝ። አሥራ ስድስት ቀን በገዛ እጄ ጣልኩ። ማንም አልነጠቀኝም፤ ኩራቴ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ከዚራ ደረስኩ። እውነቱን አንድ በአንድ ነገርኳት። ልጅቷ እጇን አጣጥፋ ሰማችኝና "ቲቸር፣ ክፍል ውስጥ 'ያልገባው ይጠይቅ' ስትዪን አልነበር?" አለችኝ።

"ነበር" አልኩ። እንደ ተማሪ አንገቴን ደፋሁ። ሃምሳ ጊዜ ጻፊ ብትለኝም የምጽፍ ይመስለኛል።

ከዚያ በጾሜ እንዳልደክም ጠዋት ጠዋት እየቀጠረችኝ፣ መርፌውንም ቀንሳ ጀመርን። ለኢድ አሥራ ሦስት ቀን ቀርቶ ነበር። "ለኢድ እደርሳለሁ?" ብላት "አላውቅም" አለችኝ፤ አላባበለችኝም፤ ለዚህ ነው የማምናት። እንቅስቃሴውን ውሃ ጥሙን ችዬ ሠራሁ። ስድስቱ ብርድ ልብስ አምስት ሆነ፣ አራት፣ ሦስት። የኢድ ዋዜማ አንድ ብርድ ልብስ ላይ ቆምኩ። ባዶ መሬት ገና አልነካሁም።

ማንም በኔ እንዳይታለል ይህን ልናገር። ዲስኬ ዛሬም እንደተንሸራተተ ነው። ዛሬም በወር አንዴ ሁለቴ ሄጄ እወጋለሁ፤ እንቅስቃሴውን ሦስት ቀን ከረሳሁ እግሬ ራሱ ያስታውሰኛል። ውሃ በሚመጣበት ቀን ጀሪካን አልነካም፤ ቆሜ አዛለሁ፣ ለዚህ እንኳ ተፈጥሮዬ ነው። የዳንኩ ሴት አይደለሁም። ግን በፊት አዛዤ ሕመሙ ነበር፣ አሁን አዛዡ እኔ ነኝ።

የኢድ ጠዋት ባለቤቴ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ በሩ ላይ ቆመና "ወንበሩን ልያዝልሽ?" አለኝ።

"አትያዝ" አልኩት።

"እንዳይቸግርሽ ብዬ..."

"አትያዝ አልኩህ እኮ!"

ጎረቤቴ ቀድማ ወጥታ በሯ ላይ ትጠብቀኝ ነበር። "ኢድ ሙባረክ! በይ አሁን፣ አሳፍሪኝና ወዮልሽ" አለችኝና ጉንጬን ሳመችኝ። መንገዱ ላይ የሰው ጎርፍ ነበር፤ ኦሮምኛው፣ ሶማሊኛው፣ አደርኛው፣ አማርኛው ተቀላቅሎ "አላሁ አክበር" የሚለው ተክቢራ አንድ ድምፅ ሆኖ ይሰማል። ሜዳው ደርሰን ከሴቶቹ ሰልፍ ገባሁና መስገጃዬን አነጠፍኩ። ስሩ ጠጠር ነው። ኢድ ሁለት ረከዓ ነው፤ አራት ሱጁድ አለው። አራት ብቻ አልኩ፣ ያ ረቢ፣ አራት ስጠኝ።

ሩኩዑን ጎንበስ ብዬ ጨረስኩ። ኢማሙ "አላሁ አክበር" ብለው ሰልፉ ሁሉ ሲወርድ እኔም ተንበረከክሁ። ግማሽ ላይ ስደርስ ያ ሕመም ዳሌዬ ላይ "አለሁ" አለ። ላቡ በግንባሬ ወረደ። እንደተማርኩት ትንፋሼን ለቀቅኩ፣ እጄን አስቀደምኩ፣ ወረድኩ፣ ወረድኩ፣ ክምር የሚባል ነገር ሳያግደኝ ወረድኩ። ግንባሬ መሬት ነካ። ጠጠሩ ቆረቆረኝ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ቆረቆረኝ!

ሁለተኛውን ደገምኩ። ሦስተኛው ከሁለቱም ቀለለኝ። አራተኛው ላይ ስደርስ ሁለት ዓመት ሙሉ ያጠራቀምኩትን ሁሉ አንዴ ልናገር ብዬ ነበር፤ ዱዓው ሁሉ ከአእምሮዬ ጠፋና "መጣሁ፣ መጣሁ" ብቻ እላለሁ። ኢማሙ "አላሁ አክበር" አሉ። ሰልፉ ተነሥቶ ተቀመጠ። ኢማምን መከተል ግዴታ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ዘገየሁ። ከሰው ሁሉ መጨረሻ ነው ቀና ያልኩት።

ሰላምታው እንዳለቀ ከጎኔ የነበረች የማላውቃት ወጣት ተጨንቃ ክንዴን ያዘችኝ። "ኡሚ፣ መነሣት አቅቶሽ ነው እንዴ? ልጥራልሽ ሰው?"

አፈሩን ከግንባሬ አልጠረግኩትም። "ወላሂ አላቃተኝም ልጄ" አልኳት። "መነሣት አልፈለግኩም ነበር።"